የማቴ ጉድጓድ

ባለፈው ሰኔ ለአንዲት ባልደረባዬ ሠርግ ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከሱቆቹ ፊት ለፊት ረጅም የውሃ ቦይ ተቆፍሯል፤ ገበያተኛው እንዲሻገርበትም ሁለት የባሕር ዛፍ ጣውላ ተጋድሞበታል። አንዱን ስረግጠው "ድም" አለና ከስሩ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ እንጨት ሽታ ወጣ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቋ "ነይ እንጂ እህት፣ ይሸከምሻል፤ ከአንቺ የወፈሩም አልፈውበታል" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ከኋላዬ የቆሙት ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሁለተኛውን እግሬን ለማንሳት ድፍረት አጣሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ያለፈውን ክረምት ከእኔ ይልቅ እግሬ ቀድሞ አስታወሰው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በለቅሶ ነው። ይህን ስናገር ምሳሌ የምናገር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የሆነውን ነው የማወራው።

አባቴ ዳና በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የምንኖረው ከእንጦጦ ዳገት ስር፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሰፊ የጭቃ ቤት ተከራይተን ነበር። በቤቱ ወለል ላይ ሁለት ጉድጓድ ነበር። ሸማኔ የሚሠራው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ነው፤ ከላይ እጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል፣ ከታች እግሩ ይረግጣል። አንደኛው ጉድጓድ የአባቴ፣ ሁለተኛው የታላቅ ወንድሜ የማቴዎስ ነበር። ማቴ እንለዋለን።

የማቴን ምት ከአባቴ ምት ዓይኔን ጨፍኜ እለየው ነበር። ኳስ ሲጫወት የተሰበረው የቀኝ እግሩ አውራ ጣት በደንብ ሳይጠገን ስለቀረ አረጋገጡ ያነክሳል። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። ድም ድም፤ ቆየት ብሎ ድም። እሱን እየሰማሁ ነበር የትምህርት ቤት ሥራዬን የምሠራው፤ ሲያቆም ቀና እላለሁ፣ ሲቀጥል ደብተሬ ላይ እደፋለሁ።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ማቴ ሃያ ዓመት ሞላውና ከሰፈር ልጆች ጋር ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። ሚያዝያ ላይ አብሮት ከሄዱት አንዱ ደወለ። ማቴ መንገድ ላይ ታሞ እንደ ቀረ፣ እዚያው እንደ ሞተ ነገረን። የት እንደ ተቀበረ አባቴ ሲጠይቀው ልጁ አለቀሰ።

ለቀስተኛው መጣ። እትዬ አስካለ ከዕድራቸው ድንኳን አስመጥተው ግቢው ውስጥ አስተከሉልን። አስከሬን ያለው ለቅሶ መጨረሻው ይታወቃል፤ ይቀበራል፣ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህኛው ግን ማን እንደሚጨርሰው ጠፋ። ሰዎቹ በሚቀጥለው እሁድ ተመልሰው መጡ፤ ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ሄዱ። በሌላው እሁድ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ወንጌላዊ ታደለ የሚባል ቀጭን ወጣት ጊታሩን ይዞ ይመራን ጀመር። በሰኔ ስልሳ ያህል ሆነን ነበር። ለቅሶው የቱ ጋ አልቆ ቤተ ክርስቲያኑ የቱ ጋ እንደ ጀመረ እኔ አላወቅሁም፤ ትልልቆቹም ያወቁ አይመስለኝም።

እናቴን ሁሉም ሰው "የማቴ እናት" ነው የሚላት። መርዶውን አልተቀበለችም። አላለቀሰችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። "ያየው አለ? የቀበረው አለ?" ትላለች ረጋ ብላ። "እንግዲያው መስቀል ይድረስ።" ጋሞ የትም ይኑር የት ለመስቀል ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። እስከዚያው ከግቢው በር እግሯን አላወጣችም። መጥቶ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ድሮዋ ጥጥ ትፈትላለች። አመሻሹ ላይ የፈተለችውን ማግ ማቴ እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ቦታ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ማጉ እዚያው ነው። አንስታ ቅርጫት ውስጥ ትከተውና ሌላ ትፈትላለች። በሐምሌ ቅርጫቱ ሁለት ሆነ።

እሁድ እሁድ ቤታችን ውስጥ መተንፈሻ ቦታ አይገኝም ነበር። የአባቴን ጉድጓድ በሳንቃ ሸፍነን ሰው እናስቀምጥበታለን፤ አልጋው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ደጃፉ ላይ ሰው ነው። የቀረው ውጭ በዝናብ ፕላስቲክ ተከናንቦ ይዘምራል። በማቴ ጉድጓድ ዙሪያ ግን ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ይቀራል። ማንም አይቀመጥበትም። አዲስ ሰው ሊቀመጥ ሲል ጎኑ ያለው ሰው ነካ ያደርገዋል፤ ያ ሰው ጉድጓዱን ያያል፣ እናቴን ያያል፣ ወደ ዝናቡ ይወጣል።

ወንጌላዊ ታደለ ሲጸልይ "ጌታ በመካከላችን አለ" ይል ነበር። ዞር ዞር ብዬ ባይ በመካከላችን ያለው ባዶ ቦታ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጌታ የሚቀመጠው የማቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ እግሩን ወደ ታች አውርዶ ነው ብዬ አመንኩ። አላስደሰተኝም። ማቴ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?

አንድ ቀን እናቴ ጓሮ ሳለች በሆዴ ተኝቼ ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ታች፣ ማቴ ለዓመታት የረገጠበት አፈር ጎድጎድ ብሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃ ከመሬቱ ይመነጫል፤ አስቀድሞ የሞላው ያ ቦታ ነው። ሁለት እግር የሚያህል ውሃ ጎን ለጎን ተኝቶ ያበራል። የቀኙ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠመም ያለ ነበር። ስነሳ ፊቴ ቀዝቅዞ ነበር፤ ያን ሳምንት ከእናቴ ቀሚስ አልተለየሁም።

በሐምሌ መጨረሻ እትዬ አስካለ አባቴን ጠሩት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

"አቶ ዳና፣ እኔ ከጸሎት ጋር ጠብ የለኝም። እኔም እጸልያለሁ፤ የእኔዋ ማርያም ግን ዳገቱ ላይ ናት እንጂ ጓሮዬ አይደለችም" አሉት። "አጥሬን ተደግፈውት ወደቀ። ጎመኔን ረግጠውት አለቀ። እስከ መስቀል ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው። እናንተን ውጡ አላልኩም፤ ሕዝቡን ነው።"

"ልክ ነዎት እትዬ። እኛም ጠቦናል።"

"የማቴ እናትስ? ቦታ ብታገኙ ትሄዳለች?"

አባቴ የወደቀውን አጥር ማቃናት ጀመረ። ሌሊቱን ሳስበው የገባኝ ያኔ ነው። ሕዝቡ ወደ አዲስ ቦታ ይሄዳል፤ አባቴ የጉባኤው ሽማግሌ ነውና አብሮ ይሄዳል። እናቴ ከጉድጓዱ ጋር ትቀራለች፤ አንድ ሰው ከእሷ ጋር መቅረት አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። እሁድ ሙሉ፣ ሰው የሌለበት ቤት፣ እንዝርቷ ሲሾር፣ ታች ውሃው ሲያበራ። ያን ክረምት የጸለይኩት ስለ አዳራሽ አልነበረም። እናቴ ከቤት እንድትወጣ ነበር።

ቦታ ፍለጋ ተጀመረ። ወንጌላዊ ታደለ የራሱ ዘዴ ነበረው፦ የተገኘው ቤት ውስጥ ገብተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ድምፅ ሳናሰማ ጌታን እንጠይቃለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ በልቡ ያገኘውን ይናገራል። መጀመሪያ አዲሱ ገበያ አንድ የሠርግ አዳራሽ አየን። የፕላስቲክ አበባው አቧራ ጠጥቷል። ዓይናችንን በጨፈንበት የታክሲ ረዳት መስኮቱ ስር ቆሞ "ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። ክር ነጋዴው ጋሽ ባልቻ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው "ጌታ መልሷል፤ ፒያሳ ሂዱ ነው የሚለን" አሉ። ጸሎቱ በሳቅ አለቀ።

ሁለተኛው የተዘጋ ወፍጮ ቤት ነበር። ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ደርቆ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ግድግዳውን ተደግፈን ጸለይን። ስንነሳ የጀርባችን ቅርጽ ግድግዳው ላይ ተራ በተራ ቀርቶ አየሁ። ቆጠርኩት፤ ከእኛ በአንድ ይበልጣል። እንደገና ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ዛሬ ሳስበው ጋሽ ባልቻ በመሀል ቦታ ቀይረው ይሆናል። ያን ቀን ግን አባቴን እጁን ጎትቼ አስወጣሁት። ቤቱም ጠባብ ነው ተብሎ ተተወ።

ሦስተኛውን ያገኘው አባቴ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ፣ ድሮ የሸማኔዎች ማኅበር የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ። ስንደርስ ጉም ወርዶ ቤቱን አጋምሶት ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከፈቱልን። ውስጡ ረጅም፣ ደረቅ፣ ከመቶ ሃምሳ ሰው በላይ የሚይዝ ነው። ወለሉ ላይ ግን በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። ከጉድጓዶቹ አንዱ አፍ ላይ የአንድ እግር ጫማ አለ።

"የሚሠሩት ሰዎች የት ሄዱ?" አለ አባቴ።

"ሄዱ" አሉ ዘበኛው። "አንድ በአንድ። ዛሬ አንዱ ይቀራል፣ ነገ ሌላው። የት እንደ ሄዱ ለእኔ ማን ይነግረኛል?"

ጋሽ ባልቻ ወዲያው ነገሩን ጨረሱት። "አንድ ሲኖትራክ አፈር አምጥተን እንሙላዋ። በአንድ ቀን ያልቃል።"

"አይደፈንም" አለ አባቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሸማኔዎቹ ግን ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰው የሠራበት ጉድጓድ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ አይደፈንም። የእኛ አባቶች እንደዚያ ነው ያሳደጉን። የእነዚህ ባለቤቶች ይኑሩ ይሙቱ ምን እናውቃለን? ከላይ ጣውላ እናጋድምበት።"

አባቴ ስለ አሥራ ሁለቱ ጉድጓድ ብቻ እንዳልተናገረ ሁሉም ያውቅ ነበር። የባሕር ዛፍ ጣውላ ተጋደመ፣ በላዩ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ።

የነሐሴ መጨረሻ እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ተሰበሰብን። እኔን እትዬ አስካለ "ሂጂ፣ እናትሽ ዘንድ እኔ እቀመጣለሁ" ብለው ለቀቁኝ። መዝሙሩ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ወንጌላዊ ታደለ "ቦታው ይህ ከሆነ በዝምታ እንጠይቀው" አለ። ሁሉም ጸጥ አለ። ጉሙ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከወለሉ ስር ድምፅ መጣ።

ድም። ድም። ድም።

ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ከአንዱ ጉድጓድ ጀመረ፣ ከሌላው ተቀበለው፣ ከዚያ ከሁሉም ሆነ። ታች ሸማ እየተሠራ ነው። አንዲት ሴት "ኢየሱስ!" ስትል ሁሉም ብድግ አለ፤ ድምፁም ቆመ። ወንጌላዊ ታደለ ቆሞ እያላበው አጋንንቱን ገሠጸ፣ ሕዝቡም አብሮት ገሠጸ። ድምፅ የለም። ተቀመጡ፣ ተረጋጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድም። ድም። ሲገሥጹት ዝም ይላል፣ ሲረሱት ይመጣል። በሚቀጥለው እሁድም ያው ሆነ፤ የመጣው ሰው ግን በግማሽ ቀንሶ ነበር። "ባለቤቶቹ ናቸው" የሚሉ ነበሩ። "አልሄዱም፣ ታች ናቸው።" ሽማግሌዎቹ አንድ ሳምንት ብቻ ሰጡት፤ ካልተወ አዳራሹን ሊለቁ ነው። ለመስቀል የቀረው ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ ሌላ ቦታ የለም፣ ሕዝቡ ይበተናል።

ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ነጭ ጥጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትላለች። መናገር አልነበረብኝም። አፌ ግን መቼ ያስችለዋል፤ ታች ሰው ሸማ ይሠራል አልኳት።

እንዝርቷን በጣቷ ያዘችው። "እንዴት ነው የሚመታው?"

ብዙ እንደሆነ፣ እንደሚቀላቀል ልነግራት እችል ነበር። እኔ ግን ሳጥኑን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። እጄ የሚያውቀው አንድ ምት ብቻ ነው። ድም ድም፤ ቆየት ብሎ ድም።

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ራሷ ሳጥኑን አንኳኳች፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። "እንደዚህ?"

"እንደዚህ" አልኩ።

"እሁድ እመጣለሁ" አለች። "አንቺ ረቡዕ ከአባትሽ ጋር ሂጂና ደግመሽ ስሚልኝ።"

ደስ አለኝ። እናቴ ልትወጣ ነው። ደስታዬ ግን እስከ ረቡዕ ነበር የቆየው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ለጾም ጸሎት ተሰበሰቡ፤ አሥራ አንድ ሸማኔና ወንጌላዊ ታደለ። እኔ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝምታው ወረደ፣ ድምፁ ጀመረ። የተላክሁት ልሰማ ነውና ጆሮዬን ወደ ጣውላው ላስጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ በአግዳሚዎቹ ስር አሻግሬ አየሁ።

እግር አየሁ። ሃያ ሁለት እግር፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከወገባቸው በላይ ድንጋይ ናቸው። እንደገና ጎንበስ አልኩ። ከጉልበታቸው በታች ይሠራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀን አሥር ሰዓት የረገጡ እግሮች ባለቤታቸው በጸሎት ሲመሰጥ ብቻቸውን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጣውላው ከጉድጓዱ ጋር ከበሮ ሆኗል። ነገሩ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከአጋንንቱ ይልቅ እግሮቹን ፈራኋቸው። የአባቴም እግር ከእነሱ ጋር ነበር።

ስንመለስ ጉሙ ውስጥ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ይወርዳሉ፤ ከሸክሙ በታች እግራቸው ብቻ ይታያል። ያን ሳይ ምስጢሩን መያዝ አልቻልኩም።

"አባዬ፣ የእናንተ እግር ነው።"

ነገርኩት። መንገድ መሀል ቆመ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ሳቀ። "ሁለት እሁድ ሙሉ የገዛ እግራችንን ስንገሥጽ!" አለ። ሲያባራ ቀሪውን ነገርኩት፤ እማ እሁድ ልትመጣ እንደሆነ፣ ምን እንዳንኳኳሁላት።

ሳቁ ጠፋ። "የማቴን ነው የመታሽላት?"

"አዎ።"

አልተቆጣኝም፤ እጄን ግን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀም። በሩ ጋ ስንደርስ "ለእናትሽ እስካሁን ምንም አትበያት" አለ። አባቴ በሕይወቱ ደብቂ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት ወንጌላዊ ታደለ ከአባቴ የሰማውን፣ ድምፁ የሸማኔዎቹ እግር እንደሆነ ለሕዝቡ ተናገረ። መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥሎ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። ጋሽ ባልቻ "እኔ ሰይጣን በአርባ ሦስት ቁጥር ጫማ እንደሚመጣ መቼ አውቄ!" አሉ። ሸማኔዎቹ እየተሳሳቁ አግዳሚዎቹን ከጣውላው አውርደው አፈሩ ላይ አዛወሯቸው። ቦታው ይህ ነው፣ አለቀ ተባለ። በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ አባቴ ቀድሞ ሄዶ ተቀምጦበት ነበር። ጫማውን አውልቋል።

እናቴ የመጣችው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው። እትዬ አስካለ ክንዷን ይዘው አደረሷት። አምስት ወር ሙሉ ፀሐይ ያላየ ፊቷ ነጠላው ውስጥ ገርጥቷል። እትዬ አስካለ አማተቡና "እኔ እዚህ ደጅ እሆናለሁ" ብለው ከጣራው ጠርዝ ስር ቆሙ። እናቴ በአባቴና በእኔ መሀል ተቀመጠች። ከእግራችን ስር ጣውላ፣ ከጣውላው ስር ጉድጓድ።

ዝምታው ታወጀ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ የምፈራውን ማየት እፈልግ ነበር። የሌላው ሁሉ እግር አፈር ላይ ነው፣ ምንም ድምፅ የለም። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። ደቂቃ አለፈ፣ ሌላም። ከንፈሯ መድረቅ ጀመረ። ልጮህ፣ ውሸቱ የእኔ ነው ልል ትንሽ ሲቀረኝ ከስራችን መጣ።

ድም ድም፤ ቆየት ብሎ ድም።

ወደ ታች አየሁ። የአባቴ ባዶ እግር ነው። ተረከዙ ከፍ ይልና ያርፋል፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። የቀኝ እግሩን ጣት እንደ ማቴ ወደ ውስጥ ጠመም አድርጎታል። ለዓመታት ጎኑ ተቀምጦ የሰማውን እየመታ ነው፤ እንባው በጢሙ ይወርዳል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይሰማል፤ ማንም አልሳቀም፣ ማንም ዘወር ብሎ አላየም።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ዘርግታ ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

"ይበቃል፣ የማቴ አባት" አለችው። "ይበቃል።"

የአባቴ እግር ቆመ። እኔ እግሩን እያየሁ ነበር፤ ሁለቱም ጣውላው ላይ ተኝተዋል፣ የእናቴም የእኔም እንዲሁ። ድም ድም፤ ቆየት ብሎ ድም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሩቅ፣ ከጥልቅ። ከዚያ ጸጥ አለ። አባቴ እናቴን አየ፣ እናቴ የትም አላየችም። ወንጌላዊ ታደለ "አሜን" ሲል ሁሉም "አሜን" አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መስቀል ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ አባቴን ከጓሮ አፈር እንዲያመጣ ጠየቀችው። ሁለቱን ቅርጫት ማግ ራሷ አወረደች፤ ያ ሁሉ ነጭ ክር የማቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃው ላይ አረፈ። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እሷ አንድ እፍኝ ጣለች፣ አባቴ ጣለ፣ እኔ ጣልኩ። እትዬ አስካለ "ነፍስ ይማር" ብለው እሳቸውም ጣሉ። አባቴ በአካፋ ሞላው፤ ሲጨርስ ከእትዬ አስካለ ጋር ወጣ።

ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር መናዘዝ ጀመርኩ። "እማ፣ የሸማኔዎቹ እግር ነበር። አባዬም ዛሬ በእግሩ…"

"የአባትሽን እግር የማላውቅ መሰለሽ?" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁት እግር ነው። እሱ የመታው እጄን እስካሳርፍበት ድረስ ነው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "የመጨረሻዋ ምት ግን የእሱ አይደለችም። እሷ ትበቃኛለች።"

"እኔም ሰምቻታለሁ።"

"አውቃለሁ። አንቺ መቼ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታውቂና።"

ተነሳች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አዲሱ አፈር ላይ ወጥታ በሁለት እግሯ ረገጠችው። ምንም ድምፅ አልሰጠም።